ጳጉሜን የዘለለው ፕሮግራሜ

በዚያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ውስጥ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል «አንተነህን ጥሩት» ይባል ነበር። አንተነህ እኔ ነኝ። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሦስት አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔም ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። በኮምፒውተር በዲፕሎማ ተመርቄ በአካባቢው ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ስለ ቫይረስ ይጠይቁኛል፤ እኔም ቆሜ እመልሳለሁ። መጠየቁን እወደው ነበር። እውነቱን ለመናገር ከደመወዜ ይልቅ እሱን እወደው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጓደኛሞች የምንገናኘው በደሴ ሱቅ ነው። ደሴ በዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ የሚያነሳና የተበላሸ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ክዳናቸው የተነሳ ኮምፒውተሮች ከወለል እስከ መስኮት ተደራርበዋል። ሦስተኛችን መምህር ልሳነወርቅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ከዚያ በፊት ግን ልጅነቱን ያሳለፈው በእኛው አካባቢ ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ነው፤ ባሕረ ሐሳብንም፣ ማለት አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ጠንቅቆ ያውቃል። ከእኛ በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው ግን ከእኛ በኋላ ነው።

ወሬያችን ሌላ ሰው ቢሰማው የሚያሰለች ነው። ደሴ አንዱን ማሽን ይከፍትና «ሦስት ጊዜ ጢጥ ይልና ዝም ይላል» ይላል። እኔ «ራሙ ነው፤ አውጣውና ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ጥረገው» እላለሁ። ይጠርገዋል፤ ማሽኑ ይነሳል። ቀጥለን ስለ ሃርድ ዲስክ እንከራከራለን፣ መብራት ሲዋዥቅ የትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደሚቃጠል እንከራከራለን፣ አዲሱ ዊንዶውስ ለአሮጌ ማሽን ይከብዳል አይከብድም እንከራከራለን። ልሳነወርቅ ደብተሩን ያወጣና የጻፈውን ኮድ ያሳየናል። መብራት ሲጠፋም ወሬው አይቆምም፤ ኮዱን በወረቀት ላይ እንቀጥላለን።

የእኔ ኩራት በጤና ጣቢያው የጻፍኩት ፕሮግራም ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር ፈንታዬ የሚባሉ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው ነርስ ናቸው። መድኃኒቱ ለወራት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ ሕመምተኞቹ በየወሩ እየመጡ ይቀበላሉ፤ ቀጣዩ ቀጠሮም በካርዳቸው ላይ በእጅ ይጻፍላቸዋል። ሲስተር በመስመር የከፋፈሏት ደብተር ነበረቻቸው። በየማለዳው የዕለቱን ባለ ቀጠሮ ከዋናው መዝገብ እየለቀሙ ይጽፉባታል፤ የቀረውን ሰው በቀይ እስክሪብቶ ይከቡና ስሙን በየቀበሌው ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይልካሉ። እነሱም ቤቱ ድረስ ሄደው ይፈልጉታል።

ታኅሣሥ ላይ ይህን ሥራ ለኮምፒውተር አስተማርኩት። መድኃኒት የተወሰደበት ቀን ሲገባለት ሠላሳ ቀን ቆጥሮ ቀጠሮ ይይዛል፤ ሰውየው ከቀረ ስሙን ያትማል። ለሲስተር ካሳየኋቸው በኋላ ደብተሯን ከጠረጴዛቸው አነሳሁና «ይህች እንግዲህ ጡረታ ትውጣ» አልኳቸው። ሳቁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱንም እያመሳከሩ ሠሩ፤ ከዚያ ግን አመኑኝ።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ስለሆነ የእኛን አቆጣጠር ራሴ ነበርኩ የጻፍኩለት። በውስጡ ከመጽሐፍ የቀዳኋት አንዲት የማጣሪያ መስመር ነበረች። የወሩ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ስህተት ስለሆነ ቀኑን ባዶ አድርገህ እለፍ ትላለች። ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ መሆኗ ጠፍቶኝ አልነበረም። ወሩ ገና ታኅሣሥ ነው፤ ጳጉሜም አምስት ቀን ናት፤ በኋላ እመለስባታለሁ ብዬ ተውኳት። ከዚያ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ እኔም ረሳኋት።

ጳጉሜ ላይ ሲስተር አንድ ማለዳ «ዛሬ ማንም ቀጠሮ የለውም ይላል እኮ፤ ልክ ነው?» ብለውኝ ነበር። ከሌላ ማሽን ጋር እየታገልኩ ነበር። ቀና ሳልል «የለም ካለ የለም ማለት ነው» አልኳቸው። በዚያ ሳምንት ዝናቡ ከባድ ስለነበር የሰው ማነስ አላስገረማቸውም። የዚያን ቀን ቀጠሮ በካርዳቸው ይዘው የመጡትንም፣ እኔን አምነው ሳይጠራጠሩ፣ አስተናግደው ሸኙ።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ደሴ ሱቅ ተቀምጠናል። ልሳነወርቅ ባሕረ ሐሳብን በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም ጀምሮ ነበርና ደብተሩን ዘረጋ።

«ጳጉሜ ላይ እየተምታታብኝ ነው» አለ። «በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን አምስት ናት፤ በሉቃስ ስድስት። ዓምና ሉቃስ ስለነበር ስድስት ዋለች። አንተነህ፣ አንተ በጤና ጣቢያው ፕሮግራም እንዴት አደረግሃት?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ያቺ የታኅሣሥ መስመር ትዝ አለችኝ። ደሴ መፍቻውን እንደያዘ አየኝ።

«ምነው?» አለ።

«አላደረግኋትም» አልኩ።

«ማለት?»

«ጳጉሜን አላስገባኋትም።»

ልሳነወርቅ ደብተሩን ዘጋው። ጨዋታ ሲያቆም ፊቱ የአስተማሪ ይሆናል። «ታዲያ ጳጉሜ ላይ ቀጠሮ የነበራቸው ሰዎች የት ሄዱ?» አለኝ።

ጥያቄው የስሌት ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ከወንበሬ የተነሳሁት ሕመምተኞቹ ታይተውኝ ነው። ጃኬቴን እዚያው ትቼ ወጣሁ። በአስፋልቱ ዳር በሩጫም በእርምጃም ጤና ጣቢያው ደረስኩ። ዘበኛው ክፍሉን ከፈተልኝ። ማሽኑ እስኪነሳ ያለው ጊዜ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። የቀጠሮ ቀናቸው ባዶ የሆነ ሰዎችን አውጣ ብዬ አዘዝኩት። ሰባት ስም አወጣ። ሁሉም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የወሰዱ ናቸው። ቀጠሮ ስለሌላቸው ቀርተዋል ሊባሉ አይችሉም፤ ስለዚህ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይወጡም። ለማሽኑ ሰባቱም የሉም።

ሲስተር ፈንታዬን ከቤታቸው አስጠራኋቸው። ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዋናውን መዝገብ ገለጡ። ስሙን እኔ እጠራለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው ይከተላሉ።

«መጥቷል» ይላሉ። «እሷም መጥታለች። መስከረምም ወስዳለች።»

ስድስቱ በካርዳቸው ላይ የተጻፈውን ቀጠሮ ይዘው በራሳቸው መጥተው ነበር። ሰባተኛዋ ላይ ሲስተር ጣታቸውን አላነሱም።

«እናኑ» አሉ። «ነሐሴ ሦስት ወሰደች። ከዚያ ወዲህ የለችም። አራተኛ ወሯ ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅቷን አውቃታለሁ። መጀመሪያ አክስቷ ዘንድ እዚህ ከተማ ተቀምጣ ነበር የምትወስደው። ሲሻላት ወደ ባሏ አገር ተመለሰች፤ ወደ ስማዳ መውረጃው። አክስቲቱም ከተማውን ለቃለች።»

ስልክ አልተመዘገበላትም። መድኃኒቱን ካቋረጠች ሰባት ሳምንት አልፏል። በመሀል ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ከሲስተር በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም በየቀኑ ሲናገሩት እሰማ ነበር። በሽታው ይመለሳል፤ አንዳንዴም ብሶ ይመለሳል፤ ቤት ውስጥ ላለውም ሰው ይተርፋል።

«ነገ እኔ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«አንተ ሄደህ ምን ታደርጋለህ? ነርሷ እኔ ነኝ» አሉ። «አብረን እንሄዳለን።»

እሑድ ጠዋት እህል ልትጭን ወደ ወገዳ የምትወርድ አይሱዙ አገኘን። ሲስተር የጎማ ቦት ጫማ አድርገው መድኃኒትና አክታ መቀበያ በከረጢት ይዘው ሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከላይ ነበርኩ። መንገዱ ክረምቱ ስላረሰው መኪናዋ እየተንገዳገደች ነው የሄደችው። ረፋድ ላይ ወረድንና በእግር ቁልቁለቱን ያዝን። የዚያን ቀን ያገሩ ማማር አልታየኝም። ስለ ሴትየዋ ብቻ አስብ ነበር። ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ይሆናል እላለሁ። አክስቷ ዘንድ ትሆናለች እላለሁ። ሲስተር ከፊቴ እየሄዱ ነው፤ ስለ ስህተቱ አንድም ጊዜ አላነሱም።

በግርጌው ያለውን ወንዝ ተሻገርን። ጥቅምት ላይ ከጉልበት አይበልጥም፤ የክረምቱ ሙላት የደረሰበት ግን ከራሳችን በላይ ባሉት ቁጥቋጦዎች ላይ በተሰቀለው ገለባ ይታወቅ ነበር። ማዶ ላይ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አገኘናት፤ አስናቀች ትባላለች።

«የእናኑ ስም ወደ እኔ በመጣው ወረቀት ላይ የለም» አለችን። «ስሟ ባይመጣ መድኃኒቷን በቀጠሮዋ እየወሰደች ነው ብዬ ነው።»

እናኑ ከቤቷ ደጃፍ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። የአንገቷ አጥንት ቆሞ ይታያል። ሲስተርን ስታይ ልትነሳ ሞከረችና ሳሉ ያዛት፤ እስኪለቃት ድረስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። አማቷ አያ ታረቀኝ ከውስጥ አጎዛ አውጥተው አነጠፉልን።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ቀረሽብኝ?» አሏት ሲስተር እጇን ይዘው።

«በቀጠሮዬ ቀን ወንዙ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች። «ሞልቶ ደፍርሷል። በማግስቱም ሄድኩ፤ አልተሻገርኩም። እርስዎ ደግሞ ‹ከቀረሽ እኛ እንፈልግሻለን› ብለውኝ ነበር። ጠበቅሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «መስከረም አለቀና ማንም አልመጣም። ሳሉም ያን ጊዜ ትቶኝ ነበር። እንግዲያው ድኛለሁ ማለት ነው፣ ባልድን ይፈልጉኝ ነበር ብዬ ደስ አለኝ።»

ይህን የተናገረችው ለወቀሳ አልነበረም። ለሲስተር ስለ ጉዳዩ ማስረዳቷ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ።

ባሏ ሞላ ማጭዱን እንደያዘ ከገብሱ ማሳ መጣ። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ሲስተር ወደ ጤና ጣቢያ፣ ምናልባትም ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት ነገሩት።

«እሱስ መልካም» አለ። «እናንተ ግን ምነው ይህን ያህል ዘገያችሁ?»

ሲስተር ወደ እኔ ዞሩ። ሊሸፍኑልኝ ፈልገው እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ ነኝ፤ የሥራ ብዛት ሊሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ቀደምኳቸው።

«የሕመምተኞቹ ስም የሚያዘው በኮምፒውተር ነው» አልኩ። «ጳጉሜ ላይ ቀጠሮ የነበራቸውን ሰዎች ስም ሳያወጣ ቀረ።»

«ማሽኑ ነው ያጠፋው ወይስ ሰው?» አለኝ።

ማሽኑ ነው ብል በዚያ ደጃፍ ላይ የሚከራከረኝ ሰው አልነበረም። ከተማም ብመለስ ሁሉም ያምነኝ ነበር።

«ሰው ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ። ጳጉሜን በኋላ እጨምራታለሁ ብዬ ሳላስገባት ቀረሁ። ከዚያ ረሳኋት።»

«ጳጉሜን ረሳሃት» አለ ቀስ ብሎ። ጥያቄም አልነበረም። ማጭዱን ከቤቱ ክዳን ሣር ውስጥ ሰካው። ሚስቱን አየ፣ አባቱን አየ። ሊመታኝ ይችላል ብዬ አስቤያለሁ፤ ቢመታኝም አልሸሽም ነበር።

«እንግዲያስ ትከሻህን አምጣ» አለኝ።

ጎረቤቶቹን ጠራ፤ ቃሬዛ ተበጀ። ስምንት ሆነን እየተቀያየርን አራት አራት ሰው ተሸከምናት። የመንደሩ ሰዎች ለምደውታል፤ እኔ ገና ወንዙን እንደተሻገርን ትከሻዬ ተላጠ። ሌላው ሲቀየር ሞላ እኔን አልቀየረኝም፤ እኔም ቀይሩኝ አላልኩም። ዳገቱ መሀል ላይ ለዕረፍት ስናስቀምጣት እናኑ ከጋቢዋ ውስጥ አየችኝ።

«ስሙ የጠፋው የእኔ ብቻ ነው?» አለች።

«ሰባት ነበራችሁ። ስድስቱ በራሳቸው መጡ።»

ጥቂት አሰበችና «እነሱ ወንዝ የለባቸውም ነበራ» አለች።

ዓይኗን ጨፈነች። እኛም አነሳናት። የመኪናው መንገድ ላይ ስንደርስ መሸ። ዳር ካለ ቤት አደርንና በማግስቱ በመጀመሪያዋ መኪና ንፋስ መውጫ ገባን። አክታዋ ተመረመረ፤ በሽታው ተመልሷል። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተላከች። እኔም ለኃላፊያችን የሆነውን ሁሉ ጽፌ ሰጠሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አነሰኝ እንጂ አልበዛብኝም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደሴ ሱቅ ሄድኩ፤ ጃኬቴ እዚያው ነበር።  ልሳነወርቅ ወረቀት ሰጠኝና «ከመስከረም አንድ ጀምረን ቀን በቀን እንፈትሸው» አለ። የአራቱን ወንጌላውያን ዘመን፣ የእያንዳንዱን ዓመት እያንዳንዱን ቀን እያስገባን ያየነው ሦስት ሳምንት ፈጅቶብን ነው። ጳጉሜ ገባች። ሲስተር ፈንታዬም አዲስ ደብተር ገዝተው በእስክሪብቶና በማስመሪያ ከፋፈሏት። «እኔም ደብተሬን መተው አልነበረብኝም» አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ የተናገሩኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ጎን ለጎን ተቀምጠን የእሳቸውን ደብተርና የእኔን ዝርዝር እናመሳክር ነበር።

እናኑ ለወራት መርፌም ክኒንም ወስዳ ዳነች። ስትጨርስ ጤና ጣቢያው መጣችና ክፍሌ በር ላይ ቆመች። ወፍራለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። ፊደል አልቆጠረችምና «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። በጣቷ ነካችው።

«አሁን ብቀር ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ባይወጣስ?»

«ሲስተር ደብተር ላይ አለሽ። እሳቸው ቢረሱ እኔ አውቅሻለሁ» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም እንደ ሌላው ሰው አጠፋሁ፣ ታረምኩ፣ አለፈ እል ነበር። አላበቃም። እናኑ ሆስፒታል ሳለች አስናቀች ቤተሰቡን ለምርመራ ልካቸው ነበር። የአያ ታረቀኝ አክታ ላይ በሽታው ተገኘ። መድኃኒት ጀመሩ፤ ሽማግሌ ነበሩና አልቻሉትም። እናኑ ገና ሕክምናዋን ሳትጨርስ፣ የካቲት ላይ አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ሰዉ ሲቀንስ ሞላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ይሰማኝ ነበር። እሱ ራሱ ጀመረው።

«አባቴን ያሳመመው የአንተ ጥፋት መሆኑን አላውቅም» አለ። «አለመሆኑንም አላውቅም። ድሮም ያስላቸው ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «ጥፋትህን ባወቅህ ጊዜ መምጣትህን ግን አውቃለሁ።»

ሐኪሞችንም በኋላ ጠይቄያለሁ፤ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠኝ የለም። እናንተ አንባቢዎቼም ልትሰጡኝ አትችሉም። ለዓመታት ይቅርታ የሚባለው ነገር ከአንድ ሰው አፍ የሚወጣ ቃል ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሳይመለስ የሚቀር ጥያቄ ይዞ ሥራን በደንብ መሥራት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እኔ የኖርኩት እንዲያ ነው።

ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራም አጻጻፍ አስተምራለሁ። ከእናንተ መካከል ለሰው የሚያገለግል ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ፣ ስለ ብልህነታችሁ እኔ አልጠይቃችሁም፤ እኔም ብልህ ነበርኩ። «በኋላ እመለስበታለሁ» ያላችሁትን መስመር ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት። ከመስመሯ ጀርባ ያለችው ሰው በማሽኑ ውስጥ ቁጥር ትመስላለች፤ እኔ ግን በትከሻዬ ተሸክሜያታለሁ፣ ክብደቷንም አውቀዋለሁ። የሠራሁትን ዝርዝር ለሰው ሳስረክብም ትክክል ነው ወይ ብዬ አልጠይቅም። «የምታውቁት ሆኖ እዚህ ላይ ያጣችሁት ሰው አለ?» እላለሁ። ከዚያ ወረቀቱን እስኪያነቡት ድረስ ከአጠገባቸው አልሄድም።